በጎተራ የማይከተት ጤና፦ ስለ ክብደት መቀነስና ስለ አካል ብቃት ልማድ ታሪካዊ ምልከታ

(በታሪክ ትምህርት ክፍል ለሕዝብ ክፍት በሆነው የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት የተደረገበት።)



በዚህ ርእሰ ጉዳይ ላይ እንድናገር ስጋበዝ አመንትቼ ነበር። ሐኪምም የስፖርት ባለሙያም አይደለሁም። ሰው ክብደቱን እንዴት እንደሚቀንስ፣ የቀነሰውንም እንዴት ጠብቆ እንደሚኖር መምከር የእኔ ሙያ አይደለም። ነገር ግን ምክሩ ራሱ ታሪክ አለው። ዛሬ በየጂምናዚየሙ፣ በየሬዲዮው፣ በየማዕዱ ዙሪያ የምንሰማቸው ቃላት፣ «ወኔ ካለህ ትችላለህ»፣ «ልማድ በሃያ አንድ ቀን ይያዛል»፣ «በቀን ዐሥር ሺሕ እርምጃ ተራመድ» የሚሉት ሁሉ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንድ ምክንያት ተወልደው ወደ እኛ የደረሱ ናቸው። ትውልዳቸውን መመርመር የታሪክ ተማሪ ድርሻ ነው።

ላሳያችሁ የምሞክረው አንድ ነገር ነው። ባለፉት መቶ ስልሳ ዓመታት የተሰበሰበው ማስረጃ በአንድነት ሲታይ፣ የአካል ብቃትም ሆነ የተቀነሰ ክብደት እንደ እህል በጎተራ ተከትቶ የሚቀመጥ ሀብት ሆኖ አልተገኘም። እንደ እንጀራ በየጊዜው የሚጋገር ነው። ስለዚህም በአንድ የወኔ ቀን የተወሰነ ብርቱ ውሳኔ ብዙ ርቀት አልሄደም፤ ርቆ የተጓዘው በተራው ቀን ሥርዐት ውስጥ ቦታ ያገኘ ትንሽ ተግባር ነው። ያን የቀን ሥርዐት ደግሞ ግለሰቡ ብቻውን አይሠራውም። መደምደሚያዬም ይኸው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር እጠራለሁ።

ሹፌሩና ትኬት ቆራጩ

ነገሬን ከለንደን እጀምራለሁ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት በብሪታንያ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ ወንዶችን በድንገት የሚቀጥፈው የልብ ደም ሥር ሕመም ሐኪሞችን በብርቱ ያሳስብ ነበር። ምክንያቱ ግን በውል አልታወቀም። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም በ1948 በተቋቋመው የማኅበራዊ ሕክምና የምርምር ክፍል ውስጥ ሆነው አንድ ቀላል ጥያቄ አነሡ። ሕመሙ ሰው ከሚሠራው ሥራ ጋር ግንኙነት ይኖረው ይሆን? ይህን ለማወቅ በኑሯቸውና በደመወዛቸው የሚቀራረቡ፣ በሥራቸው ጠባይ ግን የሚለያዩ ሰዎችን ማነጻጸር ያስፈልግ ነበር።

የለንደን ባለሁለት ፎቅ አውቶቡስ ይህን ንጽጽር አዘጋጅቶ ቆይቷቸዋል። በአንዱ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሠራተኞች አሉ። ሹፌሩ ከሥራ ሰዓቱ ዘጠና በመቶ የሚሆነውን ተቀምጦ ያሳልፋል። ትኬት ቆራጩ ደግሞ ከታችኛው ፎቅ ወደ ላይኛው፣ ከላይኛው ወደ ታችኛው ሲመላለስ በቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣል። ሁለቱም የአንድ ከተማ ሰዎች ናቸው፤ የሚውሉትም በአንድ ጢስና በአንድ ጩኸት ውስጥ ነው። ሞሪስና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 64 ዓመት የሆነ ወደ 31,000 የሚጠጉ የትራንስፖርት ሠራተኞችን መዝገብ መርምረው ውጤቱን በ1953 በላንሴት መጽሔት አሳተሙ። የልብ ደም ሥር ሕመም በትኬት ቆራጮቹ ላይ ከሹፌሮቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሲይዛቸውም ዘግይቶ ነው፤ ቶሎ የመግደል ኀይሉም ያነሰ ነው። በፖስታ ቤት ሠራተኞች ላይ የተደረገው ንጽጽርም ወደዚያው አመለከተ። በእግርና በብስክሌት እየዞሩ ደብዳቤ የሚያድሉት፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሚውሉት ጸሐፊዎችና የስልክ ሠራተኞች የተሻለ ዕድል ነበራቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ትኬት ቆራጩ ስፖርት አልሠራም። ጤናውን ለመጠበቅ ማልዶ የተነሣበት፣ ለራሱ ቃል የገባበት፣ ቃሉንም አፍርሶ የተጸጸተበት ቀን የለም። ደረጃውን የሚወጣው ላይኛው ፎቅ ላይ ያልከፈለ ተሳፋሪ ስላለ ነው። እንቅስቃሴው ከእንጀራው ጋር ተሰፍቶ ነበር። «ዘላቂ ልማድ» የምንለውን ነገር በዘመናዊ ምርምር ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ያሳየን ሰው፣ ልማድ እየገነባ መሆኑን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ነው።

የደንብ ልብስ መዝገብ

ታሪክ ተማሪ ግን ማስረጃን እንዳገኘ አይውጥም። «ሹፌሮቹ ምናልባት ከመጀመሪያውኑ የተለዩ ሰዎች ቢሆኑስ? ወፍራሙ ሰው ወንበሩን መርጦ፣ ቀጭኑ ደረጃውን መርጦ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሞሪስም ጥያቄውን ራሳቸው አንሥተውታል። መልስ የፈለጉበት ቦታ ማንኛውንም የታሪክ ባለሙያ ያስደስታል፤ የደንብ ልብስ መዝገብ ውስጥ ነው። የትራንስፖርት ድርጅቱ ለሠራተኞቹ ሱሪ ያሰፋ ስለነበር የእያንዳንዱን ወገብ ልክ መዝግቦ አስቀምጧል። መዝጋቢው ልብስ ሰፊውን እንጂ ሳይንስን አላሰበም። የወደፊቱን ጠያቂ ለማሳመን ታስቦ ያልተጻፈ ሰነድ ብዙ ጊዜ ታማኝ ምስክር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1956 በወጣው ጽሑፍ እንደታየው፣ በየዕድሜ ክልሉ የሹፌሮቹ ሱሪ ወገብ ከትኬት ቆራጮቹ ሰፋ ያለ ነበር። በኋላ የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ ገና ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ሳይቀሩ በመጠኑ ይለያዩ እንደነበር አመለከተ። ስለዚህ ልዩነቱን በሙሉ ለደረጃው መስጠት አይቻልም። ሆኖም የወገብ ልክ ብቻውን ነገሩን ሁሉ አልገለጸም። ቀጭኖቹን ከቀጭኖች፣ ወፍራሞቹን ከወፍራሞች ጋር ሲያነጻጽሩም የትኬት ቆራጮቹ ብልጫ አልጠፋም። ይህ ነጥብ ለዛሬ አድማጭ ትልቅ ትርጉም አለው። እንቅስቃሴ ሚዛኑን ዝቅ ባያደርግ እንኳ ልብን ይጠቅማል ማለት ነው። ሚዛን ላይ ወጥቶ ቁጥሩ እንዳልተለወጠ ያየና «ልፋቴ ከንቱ ነው» ብሎ መራመዱን የተወ ሰው የተሳሳተ ዳኛ ፊት ቆሟል።

በወጣትነት የተሮጠው የት ይገባል?

አሁን ወደ ተማሪዎቻችን ልመለስ። ከእናንተ መካከል ብዙዎች ኳስ ትጫወታላችሁ፤ ትሮጣላችሁ። የሃያ ዓመት ሰው አካሉን እንደ ቁጠባ ሒሳብ ማየቱ አይፈረድበትም። «አሁን አጠራቅሜ በኋላ እበላዋለሁ» ይላል። ይህን እምነት ሁለት ታላላቅ ጥናቶች፣ አንዱ በአትላንቲክ ወዲያ ሌላው በአትላንቲክ ወዲህ፣ ፈትነውታል።

የመጀመሪያው አሁንም የሞሪስ ነው። ዘመኑ እየተለወጠ፣ ሥራ ሁሉ ወደ ወንበር እየሄደ መሆኑን ሲያዩ ጥያቄውን ከሥራ ሰዓት ወደ ትርፍ ጊዜ አዞሩት። ከ1968 እስከ 1970 ድረስ በቢሮ የሚሠሩ 16,882 የመንግሥት ሠራተኞች ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገቡ ያለፈውን ዓርብና ቅዳሜ እንዴት እንዳሳለፉ በዝርዝር እንዲጽፉ ተደረገ። በትርፍ ጊዜያቸው ብርቱ እንቅስቃሴ የሚያደርጉት ከሕመሙ በእጅጉ የተጠበቁ ሆነው ተገኙ። በ1990 የታተመው ቀጣዩ ጥናት ደግሞ ወሳኙን ነገር ጨመረበት። በወጣትነታቸው ስፖርተኛ የነበሩና በኋላ የተዉት ሰዎች ከዱሮ ስፖርታቸው ምንም ጥበቃ አላገኙም። ጥቅሙ የተገኘው አሁን ለሚንቀሳቀሱት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የአሜሪካዊው የራልፍ ፓፈንባርገር ጥናት ነው። በ1960ዎቹ ጀምረው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎችን ሕይወት ተከታተሉ። በ1978 የታተመው ውጤት በ16,936 ወንዶች ላይ የተመሠረተ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ለእያንዳንዱ ተማሪ የጤናና የስፖርት መዝገብ ስለነበረው፣ የሃያ ዓመቱን ወጣት ከሃምሳ ዓመቱ ጎልማሳ ጋር ማገናኘት ተቻለ። የተገኘው የለንደኑን የሚደግም ነው። የዩኒቨርሲቲው የቡድን ተጫዋች የነበረና በኋላ ተቀምጦ የቀረው ሰው ከማንኛውም ተቀማጭ ሰው አልተለየም። በወጣትነቱ ስፖርት የማያውቅና በጎልማሳነቱ መንቀሳቀስ የጀመረው ግን ተጠቀመ። ፓፈንባርገር ለራሳቸውም ውጤቱን አምነውበት በ1967፣ በ45 ዓመታቸው፣ መሮጥ ጀምረው ብዙ ማራቶኖችን ሮጠዋል። ሁለቱ ሊቃውንት በ1996 የአትላንታ ኦሊምፒክ ጊዜ ለስፖርት ሳይንስ የተሰጠውን ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ጎተራ የለም ያልሁት ስለዚህ ነው። ይህ በአንድ በኩል ያስፈራል፤ የትናንቱ ላብ ለነገ አይሆንምና። በሌላ በኩል ግን ታላቅ ምሕረት አለበት። ዘግይቶ የመጣም ሰው ድርሻውን አያጣም።

ደረጃውን ወደ ኋላ የወረደው ሰው

እስካሁን ያወራሁት ስለ እንቅስቃሴ ነው። የክብደት ታሪክ ሌላ መንገድ አለው፤ መከራውም የበዛ ነው። የዘመናዊው «ዳይት» ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከለንደኑ ዊልያም ባንቲንግ ነው። ባንቲንግ ሥራቸው የቀብር ሥነ ሥርዐት ማሰናዳት ሲሆን፣ ቤተሰባቸው ለነገሥታት ሳይቀር ያገለገለ ነበር። በ1862፣ በ66 ዓመታቸው፣ ክብደታቸው 92 ኪሎ ግራም ያህል ደርሶ ጫማቸውን ማሰር ተስኗቸው፣ ደረጃም ሲወርዱ ጉልበታቸውን ለማዳን ፊታቸውን አዙረው ወደ ኋላ ይወርዱ ነበር። ጀልባ ቀዝፈው ሞከሩ፤ ምግብ እንዲያሰኛቸው ብቻ አደረጋቸው። በመጨረሻ ጆሯቸው ስለከበደ የሄዱባቸው ሐኪም ዊልያም ሃርቬይ እንጀራ ነክ ምግብን፣ ስኳርን፣ ቢራንና ድንችን እንዲተዉ አዘዟቸው። በዓመት ጊዜ 21 ኪሎ ግራም ያህል ቀነሱ። በደስታቸው ብዛት በ1863 አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳትመው መጀመሪያ በነጻ አደሉ። ስማቸው በእንግሊዝኛ ግስ ሆነ፤ በስዊድንኛ እስከ ዛሬ ለመክሳት ምግብ መቀነስ የሚባለው በእሳቸው ስም ነው።

ባንቲንግ ቅን ሰው ነበሩ፤ ያገኙትንም እውነት ተናገሩ። ነገር ግን መጽሐፋቸው ያወረሰን የትረካ ቅርጽ አሳስቶናል። ቅርጹ እንዲህ ነው፦ መከራ፣ ከዚያ አንድ ምስጢር፣ ከዚያ ድል። ከድሉ በኋላ ያሉት ዓመታት በትረካው ውስጥ ቦታ የላቸውም። ከሳምንታት በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ ከመጀመሪያው ጎን የሚለጠፍበት የዛሬው ማስታወቂያ የዚህ ትረካ የልጅ ልጅ ነው።

ከድሉ በኋላ ምን እንደሚሆን የታየው በሌላ ቦታ ነው። ከኅዳር 1944 ጀምሮ በሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሴል ኪስ የተባሉት ተመራማሪ 36 ወጣቶችን ሰበሰቡ። ወጣቶቹ በኅሊናቸው ምክንያት መሣሪያ አናነሣም ያሉ ሲሆኑ፣ ምርምሩ በጦርነት የተራበውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መመገብ እንደሚገባ ለማወቅ ስለሆነ በፈቃዳቸው ገቡበት። ለስድስት ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰ፤ በሳምንትም 35 ኪሎ ሜትር ይራመዱ ነበር። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። በዚህ ጊዜ የጠባያቸው ለውጥ ተመዝግቧል። ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ያስባሉ፤ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስባሉ፤ ይነጫነጫሉ፤ ይበርዳቸዋል። እገዳው ሲነሣም ያለ ልክ በሉ፤ የአካላቸው ስብ ከመጀመሪያው አልፎ ሄደ።

ልብ እንበል። እነዚህ ሰዎች ደካሞች አልነበሩም። ለእምነታቸው ሲሉ የሕዝብን ነቀፋ የታገሡ፣ ለማያውቁት ሕዝብ ሲሉ የተራቡ ናቸው። ወኔ የሚባል ነገር ካለ እነሱ ዘንድ ነበር። ቢሆንም አካላቸው ረሀብን እንደ ረሀብ ቆጠረው። አካል የጌታውን ዓላማ አይጠይቅም፤ የጎደለውን ለመመለስ ይሠራል።

ይህን የሐኪም ቤት ቁጥርም አረጋገጠው። በ1959 አልበርት ስታንካርድና የሥራ ባልደረባቸው በኒው ዮርክ ሆስፒታል ለውፍረት የታከሙ 100 ሰዎችን ተከታትለው 9 ኪሎ ግራም ያህል የቀነሱት 12 ብቻ መሆናቸውን ጻፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቅናሹን ጠብቀው የተገኙት 2 ነበሩ። ለዘመናት በሽተኛው «ስግብግብ ነው፤ ሰነፍ ነው» ሲባል ለኖረበት ነገር፣ ሕክምናው ራሱ የሚጠየቅበት ጊዜ መጣ። አንድ መድኃኒት ከመቶ ሰው ሁለቱን ብቻ ሲያድን ዘጠና ስምንቱን መውቀስ አይቻልም።

የቆዩት ሰዎች

በ1994 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ ሪና ዊንግና ጄምስ ሂል፣ ጥያቄውን ገለበጡት። «ለምን ወደቁ?» ማለትን ትተው «የቆሙት እንዴት ቆሙ?» አሉ። ቢያንስ 13.6 ኪሎ ግራም ቀንሰው ቢያንስ አንድ ዓመት የጠበቁ ሰዎችን መመዝገብ ጀመሩ። ተመዝጋቢዎቹ የቀነሱበት መንገድ ልዩ ልዩ ነው። የሚጠብቁበት መንገድ ግን ይመሳሰላል። አብዛኞቹ ቁርስ ይበላሉ፤ ራሳቸውን አዘውትረው ይመዝናሉ፤ አመጋገባቸው በሥራ ቀንም በዕረፍት ቀንም ብዙ አይለያይም፤ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ይንቀሳቀሳሉ፤ ከሁሉም በላይ መራመድ ይቀናቸዋል። መዝገቡ ፈቅደው የመጡትን ብቻ ስለያዘ ቁርስ መብላት በራሱ ያከሳል ብለን ልንደመድም አንችልም። ነገር ግን ምስክርነታቸው ምን ያህል ተራ እንደሆነ ተመልከቱ። ምስጢር የለበትም፤ መጽሐፍ ሊሸጥበት የሚችል ነገር የለበትም።

ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2002፣ ሌላ ታላቅ ጥናት ታተመ። ለስኳር በሽታ የቀረቡ 3,234 አሜሪካውያን በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ክፍል ሜትፎርሚን የተባለውን መድኃኒት፣ ሁለተኛው መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ሲወስድ፣ ሦስተኛው ከክብደቱ 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀስ ተረዳ። በመድኃኒቱ በበሽታው የመያዝ ዕድል በ31 በመቶ ሲቀንስ፣ በአኗኗር ለውጡ በ58 በመቶ ቀነሰ። ግቡ መጠነኛ መሆኑን አስተውሉ። ሰባት በመቶ ማለት ለመቶ ኪሎ ሰው ሰባት ኪሎ ነው፤ መቶ አምሳ ደቂቃም በአምስት ቀን ሲካፈል ግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እነዚህ ሰዎች በኋላ ከቀነሱት ብዙውን መልሰው ጨምረዋል። ሆኖም ለስኳር በሽታ የነበራቸው ብልጫ በከፊል ለዓመታት ዘልቋል። ግን ብቻቸውን አልተተዉም ነበር። እያንዳንዱ የሚከታተለው፣ ስሙን ጠርቶ «ይህ ሳምንት እንዴት ነበር?» የሚለው ሰው ነበረው።

ሃያ አንድ ቀንና ዐሥር ሺሕ እርምጃ

በመግቢያዬ ስለጠቀስኋቸው ሁለት ቁጥሮች በአጭሩ ልበል። ሃያ አንድ ቀን የሚለው ቁጥር የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከተባሉ የውበት ቀዶ ሐኪም ነው። በ1960 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ታካሚዎቻቸው አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ ሃያ አንድ ቀን ያህል እንደሚፈጅባቸው ጻፉ። ስለ ልማድ የተደረገ ጥናት አልነበረም። በጉዞው ላይ «ቢያንስ» የሚለው ቃል ወደቀ፤ ቁጥሩ ብቻ ቀረ። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ በለንደን 96 በጎ ፈቃደኞችን ተከታትለው በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ተግባር ሳያስቡት የሚሠራ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ ገመቱ። ለእኔ ግን ከቁጥሩ ይልቅ የሚበልጠው ሌላው ግኝት ነው። በመካከል አንድ ቀን መዝለል የልማዱን አያያዝ ያን ያህል አልጎዳውም። በሃያ ሁለተኛው ቀን «አልሆነልኝም» ብሎ የተወ ሰው የተሸነፈው በአካሉ ሳይሆን በተሳሳተ ጥቅስ ነው።

ዐሥር ሺሕ እርምጃ ደግሞ የእኛም ሰው ካለበት ታሪክ ጋር ይነካካል። በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ አበበ ቢቂላ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከሳምንታት በኋላ፣ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ኦሊምፒኩ በጃፓን ስለ አካል ብቃት የሕዝብ ፍላጎት ቀሰቀሰ። በዓመቱ፣ በ1965፣ ያማሳ የተባለ ድርጅት እርምጃ የሚቆጥር መሣሪያ ለገበያ አቀረበ፤ ስሙም «የዐሥር ሺሕ እርምጃ መቁጠሪያ» ማለት ነው። ቁጥሩ ለዐይንም ለጆሮም የሚመች የንግድ ስም ነበር። በ2019 ከፓፈንባርገር ጥናት ወራሾች አንዷ የሆኑት አይ-ሚን ሊ በዕድሜ የገፉ ሴቶችን መርምረው፣ የሞት አደጋ ከ4,400 እርምጃ ገደማ ጀምሮ እንደሚቀንስ፣ ከ7,500 በኋላ ግን ብዙ ለውጥ እንደማይታይ አሳዩ። ጥቂት የሚራመድ ሰው ጥቂት ሲጨምር ከሁሉ ይበልጥ ይጠቀማል ማለት ነው።

ወደ ቤታችን

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይነግረናል? እኛ ዘንድ ሥርዐት ያለው የአመጋገብ ልማድ እንግዳ ነገር አይደለም። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ ሙስሊሙም ረመዳንን ሙሉ ወር ይጾማል። የጾም ዓላማ መንፈሳዊ ነው፤ ክብደት ለመቀነስ ብዬ ላቀርበው አልደፍርም፤ የፋሲካ ማግስትም ምን እንደሚመስል ሁላችንም እናውቃለን። የታሪክ ተማሪን የሚያስደንቀው ግን አቋሙ ነው። ዐቢይ ጾምን ሃምሳ አምስት ቀን የሚጾም ሰው በየማለዳው አዲስ ወኔ አያስፈልገውም። ቀኑን የሚቆጥርለት ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፤ ጎረቤቱ ሽሮ ይሠራል፤ በየምግብ ቤቱ በየዓይነቱ ይቀርባል። መጾም ሳይሆን አለመጾም ነው ማሰብን የሚጠይቀው። በማኅበር የተያዘ ልማድ በትውልድ የሚሻገረው እንዲህ ነው።

የዚህ ተቃራኒ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነም የገዛ ወገኖቻችን ታሪክ ያሳያል። በ1984 እና በ1991 በታላላቆቹ ዘመቻዎች ወደ እስራኤል የተሻገሩት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በሽታው በእጅጉ እየጨመረ መሄዱን የአገሪቱ ሐኪሞች መዘገቡ። እነዚህ ሰዎች በአውሮፕላኑ ላይ ስንፍናን አልተማሩም። የተለወጠው ቀናቸው ነው፤ ወንዝ መውረድ፣ ማሳ መዋል፣ ገበያ በእግር መድረስ ቀረ፤ ዳቦው፣ ስኳሩና ወንበሩ ቀረበ።

ያ የቀን ለውጥ ዛሬ አዲስ አበባም ገብቷል። ከመንደሩ ወጥቶ በታክሲ፣ ከታክሲ ወርዶ በሊፍት ወደ ወንበሩ የሚደርስ ሰው የለንደኑ ሹፌር ወንድም ነው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» በወር አንድ እሑድ ጎዳናውን ለእግረኛ ሲከፍት፣ ስንት ሰው ለመንቀሳቀስ ቦታ ብቻ ይጎድለው እንደነበር አየን። ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ የሚሮጡትን አደንቃለሁ። ነገር ግን ሌሊት ዐሥር ሰዓት ተነሥታ ሁለት ታክሲ ይዛ ሥራ የምትገባን እናት «ለምን አትሮጪም?» ብሎ መጠየቅ ግፍ ነው። ለእሷ የሚያስፈልጋት መብራት ያለው፣ ያልተቆፈረ የእግረኛ መንገድ ነው።

ጄሪ ሞሪስ ይህን ተረድተው ነበር። በዘጠና ዓመታቸው፣ በ2000፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጽሑፍ ስለ ልብ አልነበረም፤ አንድ ወጣት ጤናማ ሆኖ ለመኖር፣ ደኅና ምግብ ለመብላት፣ ለመንቀሳቀስና ከሰው ጋር ለመገናኘት ቢያንስ ስንት ገንዘብ እንደሚያስፈልገው ያሰላ ነበር። ሕይወቱን ሙሉ እንቅስቃሴን ያጠና ሰው በመጨረሻ ወደ ደመወዝ መድረሱ መንገድ መሳት አይደለም። ከአውቶቡሱ ደረጃ የጀመረው ሐሳብ እዚያ ማድረሱ አይቀርም ነበር። ሞሪስ በ2009፣ በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ስለዚህ ለተማሪዎቻችን የምለው አጭር ነው። ታላቅ ውሳኔ አትወስኑ። ከአሁኑ ቀናችሁ ውስጥ የማይቀረውን ነገር ፈልጉና አንድ ትንሽ እንቅስቃሴ ከእሱ ጋር ስፉት፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት የምትሄዱበት መንገድ ይሁን፣ የመኝታ ቤታችሁ ደረጃ ይሁን። አንድ ቀን ሲያመልጣችሁ በማግስቱ ቀጥሉ። ብቻችሁን አታድርጉት። ነገ መሐንዲስ፣ የከተማ ፕላን ባለሙያ፣ አስተዳዳሪ የምትሆኑት ደግሞ ሕንጻ ስትሠሩ ደረጃውን ከሊፍቱ ጀርባ በጨለማ አትደብቁት። የሚቀጥለው ትውልድ ልማድ የሚሰፋው እናንተ በምትነድፉት ወረቀት ላይ ነው።

ሰው ሲወድቅ አይተን «ወኔው የት ሄደ?» ከማለታችን በፊት «ቀኑ እንዴት ተሠርቶ ነበር?» ብለን ብንጠይቅ፣ ለእውነትም ለርኅራኄም የቀረብን እንሆናለን።